ሰባት ደብተር

ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ከትንሣኤ ወዲህ ቢሮ የገባሁት ዛሬ ነው። የዶሮና የቅቤ ዋጋ ወሬ ገና አልበረደም። ቡናዬን ሳልጨርስ ኢሜይል ከፈትኩ። ከተጠራቀሙት መካከል በአማርኛ የተጻፈው አንድ ብቻ ነበር። «ሲስተር፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ» ብሎ ይጀምርና በሁለተኛው መስመር ወደ ነገሩ ይገባል። አምና ማስተርሱን የጨረሰ ልጅ ነው። እኛ ጆርናል ላይ በግምገማ ያለ አንድ ጽሑፍ የእሱ የመመረቂያ ጥናት መሆኑን፣ ከሰፈሩት አራት ስሞች መካከል ግን የእሱ አለመኖሩን ሰምቷል። የነገረው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ስልክ ሲያወሩ አምልጦት።

ሲስተር የሚሉኝ ነርስ ስለነበርኩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። በኋላ የኅብረተሰብ ጤና ተማርኩና አሁን የአንድ ጆርናል ምክትል አዘጋጅ ነኝ። ያኔ መዝገብ ላይ የሰፈረው የልጅ ክብደት ሚዛኑ ላይ ካየሁት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጬ እፈርም ነበር። ዛሬም የማደርገው ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጽሑፉን አወጣሁት። ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ቤታቸው የወለዱ እናቶች ከወሊድ በኋላ ለምን ጤና ጣቢያ እንደማይሄዱ የሚጠይቅ ጥናት ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ስጠይቀው የኖርኩት ነው። የአሠራሩ ክፍል ላይ «መረጃው በሠለጠኑ መረጃ ሰብሳቢዎች ተሰበሰበ» ይላል። ስም የለም። ወደ ላይ ተመልሼ የጸሐፊዎቹን ዝርዝር አነበብኩ። የመጨረሻው ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔንም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

በእንዲህ ያለ ጊዜ አዘጋጅ ዳኛ አይሆንም። በፈረንጆቹ 1997 እንግሊዝ አገር የተቋቋመው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ኮፕ የሚባለው፣ ለአዘጋጆች የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ ማን ሠራ ማን አልሠራ በሚለው ክርክር ጆርናሉ አይፈርድም፤ ጽሑፉን ባለበት ያቆምና ተቋሙ እንዲያጣራ ይጽፋል። እኔም ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩ። ታይፕ ላደርገው ስል መብራት ጠፋ።

ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወርጄ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሄድኩ። በዚያ መንገድ ጄኔሬተር ያለው ጽሕፈት ቤት አይጠፋም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት በጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለ። ሦስቱም ላይ የክስ ማመልከቻ ይጻፋል። ወረፋዬን ጠብቄ ወረቀቱን ለአንድ ሸበቶ ሰው ሰጠሁ። መነጽራቸውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያደረጉ በሁለት ጣት፣ ግን በፍጥነት፣ ጻፉልኝ። አትመው ሲሰጡኝ ከስሜ በላይ እኔ ያልጻፍኩት መስመር አየሁ፦ ከላይ የተገለጸው ሁሉ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክስ አይደለም።»

«ውይ፣ እጄ ለምዶ ነው የኔ ልጅ» አሉና አጠፉት። አጥፍተውም ጥቂት ዝም አሉ። «ግን ሰው ስሙን ካኖረ፣ ማረጋገጫ ሳይሰጥ እንዴት ይሆናል?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። በ1978 የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ካናዳ፣ ቫንኩቨር ተሰብስበው የመሠረቱት ቡድን ጸሐፊ የሚባለው ማን እንደሆነ ደንግጓል። ጥናቱን በማቀድ፣ መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ላይ ቁም ነገር የሠራ፤ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በዕውቀቱ ያረመ፤ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን አይቶ ይሁን ያለ። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ዓመት ብቻቸውን ቆዩ። በ2013 ግን አራተኛ ተጨመረ፦ ስለ ጽሑፉ ሁሉ ነገር ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ። አራቱንም ያሟላ ነው ጸሐፊ። ያ አራተኛው የጋሼ ቁጥር 92 ነው።

በእኛ ቤት ግን ስም ማስገባት የሚባል ነገር አለ። አንተ በእኔ ጽሑፍ ትገባለህ፣ እኔ በአንተ። ኃላፊ ስለሆነ ይገባል፤ አማካሪ ስለሆነ ይገባል፤ መኪና ስለፈቀደ ይገባል። ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያሸጋግረው የኅትመት ቁጥር ስለሆነ ሁሉም ዝም ይላል። ጽሑፉ ስህተት ሆኖ የተገኘ ቀን ግን ከስድስት ጸሐፊዎች አምስቱ «እኔ አላየሁትም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላዩትም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

አንድ ወጣት መምህር በደስታ እየበረረ መጣ። ጽሑፉ በአራት ቀን ተቀባይነት አግኝቷል። ደብዳቤውን አየሁት። የጆርናሉ ስም ረጅም ነው፤ «ዓለም አቀፍ» እና «የላቀ» የሚሉ ቃላት አሉበት፤ ታች ላይ በዶላር የሚከፈል ሒሳብ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ዛሬ ከ130 በላይ በሆነበት አገር የእሱ የወራት ደመወዝ ማለት ነው።

«ገምጋሚዎቹ ምን አሉህ?» አልኩት።

«ምንም። በጣም ጥሩ ነው ብለዋል።»

ከዚያ በኋላ የነገርኩት ይህን ነው። በፈረንጆቹ 2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት፣ ማንኛውም ገምጋሚ በመጀመሪያው ንባብ ሊጥለው የሚገባ የውሸት የካንሰር መድኃኒት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱን ሳይንስ የተባለው መጽሔት አወጣው። ወጣቱ ፊቱ ጠቆረ። ልቤ አዘነለት፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የእኛም ደጅ ጠባብ ነው። አንድ ጽሑፍ እኛ ጋ ሲገባ ገምጋሚ ፍለጋ ብቻ ወራት ይፈጃል። ገምጋሚው አይከፈለውም፤ ቀን ያስተምራል፣ ማታ በሽተኛ ያያል፣ የሰው ጽሑፍ የሚያነበው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በዚህ አገር ጆርናል የዛሬ ልጅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል የተጀመረው በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናቶች ጆርናል በ1963 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ። ስድሳ ዓመት የቆየ ባህል ይዘን አንድን ወጣት «ደርሶልሃል፤ አነበብነው፤ እዚህ ጋ አስተካክል» ለማለት ዓመት ከፈጀን፣ በአራት ቀን እሺ የሚለው ይወስደዋል። ይህን ለቦርዱ ባለፈው ስብሰባ ተናግሬያለሁ፤ በሚቀጥለውም እናገራለሁ።

ገንዘቡን እንዳይከፍል ለመንኩት። እሺ ብሏል።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ልጁ ከደብረ ብርሃን መንገድ በጠዋት ተነሥቶ መጣ። ልደታ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ይተክላል። ከፌስታል ውስጥ ሰባት ደብተር አወጣና ደረደረ። ዋናዎቹ መጠይቆች አማካሪው ቢሮ ቀርተዋል። እነዚህ የእሱ የመስክ ደብተሮች ናቸው።

የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ሽፋኑ ዝናብ መትቶት አብጧል፤ ከላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ወደ ውስጠኛው ገጽ ተሻግሯል። በየገጹ ቀን፣ ጎጥ፣ የቤት ቁጥር። ከቤት ቁጥሩ ጎን አጫጭር ማስታወሻዎች፦ ውሻ አለ። ባል ገበያ ሄዷል፣ ከሰዓት ተመለስ። እናትየዋ ሕፃኑን ታጠባለች፣ ቆሜ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ደብተር ጀርባ ላይ ማንበብ የማትችል እናት የፈቃደኝነት ቅጹን ከመፈረሟ በፊት ለሙከራ ያሳረፈችው የአውራ ጣት አሻራ አለ። የማኅተም ቀለሙ በዝቶባት ተጨማልቋል። ከሥሩ «ሳቀች» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ አንድ ቃል እየተደጋገመ መጣ። እምቢ ብላለች። አንዷ ምክንያት አልሰጠችም። ሌላዋ «ስሜን ምን ታደርጉበታላችሁ» ብላለች። አንዷ በር አልከፈተችም። አንዲቷ ደግሞ ጀምራ፣ አማቷ ሲገቡ፣ «በቃኝ» ብላለች። እነዚህን አንድም ሳይቀር መዝግቧቸዋል።

ደብተሩን ዘግቼ ስልኬ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከፈትኩ። የምላሽ መጠን፣ 100 በመቶ።

«እምቢ ያሉትን የት አደረሳችኋቸው?»

«እኔ ቴሲሴ ላይ አስገብቻቸዋለሁ ሲስተር። እዚያ ጋ ለምን እንደወጡ አላውቅም።»

የስሙ ነገር በደል ነው፤ ይህኛው ግን ከእሱ አልፎ ይሄዳል። ጥናቱ የሚጠይቀው ጤና ጣቢያ የማይመጡት ለምን እንደማይመጡ ነው። ለነጭ ጋዋን በር የማይከፍቱት ሴቶች ለጠያቂም አይከፍቱም። መልሱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። እነሱን ከገጹ አውጥቶ 100 በመቶ መጻፍ የመጡትን ብቻ ጠይቆ «ሁሉም ይመጣሉ» እንደማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ታትሞ አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በእሱ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ ቢያወጣ፣ ዕቅዱ እነዚያን በሮች አያውቃቸውም። ማዋለጃ ክፍል ሳለሁ ደም ፈሷቸው በቃሬዛ፣ ዘግይተው የሚደርሱት ከእንዲህ ያሉ ቤቶች የሚመጡት ነበሩ። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኔ የወረቀት ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ደብተሮቹን ለጊዜው እኔ ጋ እንዳስቀምጣቸው ለመነኝ። ተቀበልኩ። መቀበል እንዳልነበረብኝ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

የአርበኞች ቀን፤ ቢሮ ዝግ ነው። ቤት ውዬ የሞታን ነገር እንደገና አነበብኩ። ሞታ ስል የጎጃሟን ሞጣ ማለቴ አይደለም፤ በጋሞ ደጋ ያለውን ሞታ ዋሻ ነው። ካትሪንና ጆን አርተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2012 እዚያ ዋሻ ውስጥ የተቀበረ የአንድ ሰው አጽም አገኙ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። በጋሞኛ ባይራ ብለውታል፤ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ከጆሮው ውስጠኛ አጥንት ዘረ መሉ ተነበበና በጥቅምት 2015 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ርእሱ ከዩራሲያ የተመለሱ ሰዎች ደም በመላው አፍሪካ መሠራጨቱን የሚያበስር ነበር። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተቀባበለው።

ከዚያ ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ወስደው ሲሠሩት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። የጽሑፉ ጸሐፊዎች ወደ ኮምፒውተራቸው ተመልሰው ፈተሹ። ሁለት ፕሮግራሞች እንዲናበቡ መረጃው መቀየር የነበረበት አንድ ደረጃ ተዘልሏል። በ2016 መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ስህተቱን አምነው አሳወቁ። ማረሚያ ወጣ፤ ከርእሱ «በመላው አፍሪካ» የሚለው ተሽሮ «በምሥራቅ አፍሪካ» ተባለ። አጽሙ ቆመ፣ ዘረ መሉ ቆመ፣ ትክክል ያልነበረው ብቻ ወደቀ።

ይህን የማነበው ስለሚያጽናናኝ ነው። ሌላኛውን መንገድም አውቃለሁና። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣው፣ አሥራ ሁለት ሕፃናትን ብቻ ይዞ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ የተሻረው በ2010 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት እናት ልጇን ከክትባት መለሰች! ይህን የምታውቀው በኩፍኝ ወረርሽኝ ጊዜ ዋርድ ውስጥ ያደረች ነርስ ናት።

እኔም አንድ ጊዜ አሳስቻለሁ። አርሜ ባሳለፍኩት ሠንጠረዥ ላይ ነጥቧ ወድቃ 0.5 የነበረው የመድኃኒት መጠን 5 ሆኖ ታተመ። ከሩቅ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ደወለች። «እህቴ፣ ይሄ ቁጥር ልክ ነው?» አለችኝ። እግሬ ከዳኝ። ማረሚያውን በቀጣዩ እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ አወጣን፤ አንዳንዱ «ለምን መጨረሻ ላይ በትንሹ አይወጣም» ብሎ ነበር። ያቺን አዋላጅ ዛሬም በበዓል እደውልላታለሁ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ በሰፈረ ሰላም በኩል አለፍኩ። በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያ ነው። ባለፍኩ ቁጥር እንዶድ ይሸተኛል፤ በእርግጥ እዚያ እንዶድ የለም፤ የእናቴ ነው የሚሸተኝ። የደረቀውን ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ስትወቅጠው ብናኙ ቤቱን ሞልቶ ሁላችንንም ያስነጥሰን ነበር። ውኃ ውስጥ ስትነክረው አረፋው እንደ ጠላ ድፍድፍ ይነሣል፤ ጋቢው ከዚያ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል።

በፈረንጆቹ 1964 ተመራማሪው አክሊሉ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ ዓድዋ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሕያዋኑን ሰብስበው አንዷን አጣቢ አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቋት፤ ሞቱ። ግኝቱ ከዚያ ጀመረ። ዓለም እስኪያምናቸው ግን ስንት ዓመት! ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው እየተባለ፣ መሥፈርት ያሟላ ምርመራ እንደገና ይሠራ እየተባለ ቆየ። በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

አክሊሉ ታሪኩን ሲናገሩ ሴቶቹን አይዘልሏቸውም ነበር። የዚያች አረፋ የጨመረች ሴት ስም ግን የለንም። ያኔ ስሟን መጠየቅ የማንም ልማድ አልነበረም። ዛሬ ግን ሰባቱ ደብተር ላይ ስሙ በግልጽ የተጻፈ ልጅ አለን፤ አላየነውም ማለት አንችልም።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

አመሻሹ ላይ ስልክ ጮኸ። መምህሬ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤ ጻፍሽ አሉ።»

«አዎ፣ ጽፌያለሁ። ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ልጁ ዳታ ነው የሰበሰበው፤ ለዚያም አበሉን በልቷል።»

«ፕሮፖዛሉንስ ማን ጻፈው ዶክተር?»

ዝም አሉ። ከበስተጀርባቸው ቴሌቪዥን ይሰማል። «ጊዜው የፕሮሞሽን ነው። ሁለት ልጆች በዚህ ጽሑፍ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እኔ ለራሴ ምን አደርገዋለሁ? አንቺ ደግሞ የኛው ነሽ።»

ስለ 100 በመቶው ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠየቅሁም። የኛው ነሽ ያሉት ቃል ሌላውን ሁሉ ዘጋብኝ። እውነት ነው፤ የእሳቸው ነኝ። ደም ሥር ማግኘት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋን እናት ያጣሁ ሌሊት ኮሪደር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እዚህ ልደታ ችሎት ላይ እንኳ ተከራካሪው የዳኛው ወዳጅ ሲሆን ዳኛው ከችሎት ይነሣል። እኔ ስማቸውን ያየሁ ቀን መነሣት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ዘገየሁ፤ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ልጁን አገኘሁ፣ ደብተሩን ተቀበልኩ። ለልጁ ባዳላም ለእሳቸው ባዳላም ያው ነው፤ ፋይሉ ከእጄ መውጣት አለበት። ለዋና አዘጋጁ ማታውኑ ጻፍኩላቸው፤ ዝምድናውንም፣ ስልኩንም፣ ደብተሩንም ሳልደብቅ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ልደታ። ቅዳሴ አስቀድሼ ስወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ዋናው መንገድ ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው። ማታ ብሎኩ ሥር ተሰበሰብን። ድሮ በየሰፈሩ ዛፍ ሥር ነበር፤ አሁን መኪና ማቆሚያው ላይ። እሳት ተያያዘ፣ ንፍሮው ወጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስም ሳልጠራ ስለ እምቢ ባዮቹ ነገርኳቸው። ንፍሮውን ከመዳፋቸው እየለቀሙ አዳመጡኝና፣

«እኔም እምቢ ብያለሁ እኮ» አሉ። «አገር ቤት ሳለን፣ ሁለተኛዋን ወልጄ። ልጅቷ ወረቀት ይዛ መጣች። ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም ትለኛለች። እሱ እየሰማ ምን ልበላት?»

ከዚያ ለሌላዋ ጎረቤት ቡና አቀበሉ። እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ፋይሉን የምትረከበው ባልደረባዬ ጠዋት መጣች። ከመምህሬም ከልጁም ጋር ትውውቅ የላትም። እኔ ከጉዳዩ መውጣቴ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ልጁም ተነግሮታል። ተቋሙ አጣሪ መድቦ ዋናዎቹን መጠይቆች ጠይቋል።

እትዬ የነገሩኝን ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት። ይህ የእኔ ምስክርነት አይደለም፤ ደብተሩ ራሱ ይናገር። ሰባቱን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩ። የርክክብ ወረቀት ጻፈች፦ የመስክ ደብተር፣ ብዛት ሰባት፣ አንዱ በውኃ የተጎዳ። ሁለታችንም ፈረምን።

ከወንበሬ ስነሣ የመጀመሪያውን ገልጣ እርሳሷን አነሣች።

«እምቢ ብላለች የሚለውን ነው የምቆጥረው?»

«አዎ።»

በገጹ ኅዳግ ላይ ትንሽ ጭረት አደረገች፤ ገለጠች፤ ሌላ ጭረት። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።